ሌስ የማረከው ባንዲራ

በአውስትራሊያ፣ በጉንዲዊንዲ ከተማ የአርበኞች አዳራሽ በዓመት አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ ዘርግቼ የጦርነት ዕቃ እገምታለሁ። ሰው ሜዳልያውን፣ ሳንጃውን፣ የአባቱን የብረት ቆብ ይዞ ይሰለፋል፤ ሁሉም የእሱ ብቻ ብርቅ ይመስለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ኩራት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስቸልስ ኖሬአለሁ፣ አይቆጨኝም።

ወይዘሮ ደልሲ ግን የመጡት ሊኮሩ አልነበረም። ከአራት ወር በፊት የሞቱት ባለቤታቸው ሌስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከኒው ጊኒ ዘመቻ ይዘውት የተመለሱትን የጃፓን ባንዲራ በትራስ ልብስ ጠቅልለው አመጡ።

«ዋጋውን አልፈልግም» አሉኝ። «ጽሑፉን አንብብና የልጁን ስም ንገረኝ፤ ለቤተሰቡ ልመልስ።»

«የትኛው ልጅ?»

«ሌስ የገደለው ነዋ!» ጥቅሉን ወደ እኔ ገፉት። «ከየት አመጣኸው ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄው አላውቅም። በየዓመቱ ሚያዝያ፣ በዘማቾች ቀን፣ ለዚያ ልጅ አበባ አስቀምጣለሁ፤ ሌስም ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ይቆም ነበር። ደም እንዳያይ ብዬ የገና ዶሮ እንኳ አርባ ስድስት ዓመት ያረድኩት እኔ ነኝ።»

ባንዲራውን ዘረጋሁት። ጨርቁ የፓራሹት ሐር ነው። ቀዩ ክብ የተቀባው ቁስል ላይ በሚደረግ ቀይ መድኃኒት ነው፤ ዳሩ ላይ በወታደር ሳህን ዙሪያ የተሰመረ የእርሳስ መስመር ይታያል። ጃፓንኛ ማንበብ የተማርኩት ለዚሁ ሥራ ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩና ሳቄን በሳል ሸፈንኩት።

«ሌስ ግንባር ላይ ሥራቸው ምን ነበር?»

«ወጥ ቤት።»

«እንግዲህ አይቆጡኝ። የተጻፈው ‹ሰርዲን በዘይት፤ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ› ነው።»

መነጽራቸውን አውጥተው ጽሑፉ ላይ አጎነበሱ።

«ሌስ ጽሑፉን ከጃፓን ጣሳ ላይ ገልብጠውት ነው። ወታደሮች እንዲህ ያለ የውሸት ባንዲራ እየሠሩ ለአዲስ መጤ አሜሪካኖች በውስኪ ይለውጡ ነበር። በዚህ ባንዲራ የተነሳ የሞተ ሰው የለም።»

«ማንም?»

«ማንም።»

ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ እንባቸው መጣ። ቀጥሎ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«አርባ ስድስት ዶሮ!» ጠረጴዛዬን በቡጢ መቱት። «እኔ ላባ ስነጭ እሱ በረንዳ ላይ ቢራውን ይዞ ‹አይ ደልሲ፣ እኔ አልችልም› ይለኛል! አንገቱን የደፋው ሳቁን ሊደብቅ ነው ለካ! ይሄ ቀጣፊ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። እሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ከኋላ የተሰለፈ አንድ የጦርነት ዕቃ ሰብሳቢ ስምንት መቶ ዶላር ልስጥ አለ፤ እንዲህ ያለ ተንኮልም ፈላጊ አለው።

«ባሌን አልሸጥም» አሉት፤ ባንዲራውን ጠቅልለው ወጡ።

በሚያዝያ ለዘማቾች ቀን ተመልሼ ሄድኩ። የደልሲ አበባ ያን ዓመት ለማያውቁት ልጅ አልተቀመጠም፤ የሌስ መቃብር ላይ አገኘሁት። አጠገቡ አንድ ጣሳ ሰርዲን ነበር፣ በጥላው በኩል።