ግማሽ ዙር

የመንበሩ ፒክአፕ ፍሬኑ ሲረገጥ መኪናው አይቆምም ነበር፤ የሚቆመው በግራ በኩል የሚያልፈው ሰው ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ከኋላ ግራ ጎማ አጠገብ የምታልፈው የፍሬን ቱቦ ዛገችና ተበሳች። ጎማውን መያዝ የነበረበት ኃይል በቀዳዳዋ እየወጣ ያገኘውን ያቆም ጀመር። መንበሩ ፔዳሉን ሲረግጥ አንድ ሊስትሮ ብሩሹን እንዳነሳ ይቀራል፤ ሲለቅ ሊስትሮው መጥረጉን ይቀጥላል። መኪናውን ራሱ በእጅ ፍሬን ያቆመዋል። ሰው ሲያማርርበት «ከመንገዴ ራቁ» ይላል።

ሐሙስ ዕለት ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በዚያች ደቂቃ በግራ በኩል ታልፍ የነበረችው ጦይባ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነች፣ የመካኒኩ የእንድሪስ ታናሽ እህት። ከእንድሪስ ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቦይ ልትሻገር አንድ እግሯን አንስታ፣ ፊቷን ወደ መንበሩ አዙራ፣ «አንተ ሰውዬ» እንዳለች ቆመች። መንበሩ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ቆመና አያት፤ ከዚያ ፔዳሉ እንደተጣበቀ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና ሄደ።

ጦይባ አምስት ቀን ቆመች። አትቀዘቅዝም፣ አትተነፍስም፣ አትወድቅም። እንድሪስ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ያለብሳታል፤ ጠዋት ጠዋት የፊቷን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል። ሰኞ ዕለት አንድ የቀበሌ ሠራተኛ ደብዳቤ ይዞላት መጣ። የእግረኛ መንገድ መዝጋቷን፣ እስከ ረቡዕ ከቦታው ካልተነሳች ግን በማሽን እንደምትነሳ ይገልጻል። ሰውየው እስክሪብቶ ዘረጋላት፤ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ በደብዳቤው ግርጌ «ለመፈረም ፈቃደኛ አይደለችም» ብሎ ጻፈበትና ጣቶቿ መሃል ሰክቶት ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት መንበሩ መኪናውን እንድሪስ ጋራዥ ውስጥ አስገባ።

ሁለቱ ከተነጋገሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ደሴ ቁልቁለቱ ላይ ያለውን ይህን ጋራዥ አብረው ነበር የከፈቱት። ኋላ መንበሩ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በሐሰት ምስክር ግማሹን ግቢ ወሰደና መሃሉ ላይ ግንብ ሠራ። ግንቡ የተሠራው እንድሪስ መኪና ስር ተኝቶ ሳለ ነው፤ ሲወጣ ሰማዩ ጠቦ አገኘው።

«ለዓመታዊ የመኪና ምርመራ ላቀርበው ነው» አለ መንበሩ። «ሌሎቹ ጋራዦች ሠራተኞቻችን ይቆሙብናል ብለው አላስገባም አሉኝ።»

«እህቴስ?»

«እህትህ ምን ሆነች? ፍሬኔ ፊት የገባችው እሷ ናት።»

እንድሪስ መፍቻውን አነሳ። እጁ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ መዘነው። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ክሪኩን ከመኪናው ስር ገፋ።

ጎማውን ፈታ፣ ስሩ ገባ። ቱቦዋ ቀይ ዝገት ለብሳለች፤ ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን ታክላለች። ከጫፏ ጠብታ ዘይት ወርዳ አንዲት ዝንብ ላይ አረፈች፤ ዝንቧ አየር ላይ ቆመች። እንድሪስ በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረጋት። ማሰሪያ ዳዶው እምቢ ስላለው ቱቦዋን በመጋዝ ቆርጦ አወጣት።

አዲሱን ቱቦ በሲባጎ ለክቶ ቆረጠ። ጫፉን በሞረድ አለሰለሰ፣ ውስጡን ነፋ። ጫፉን በመያዣው ብረት አጥብቆ አሠረና ሾጣጣውን ብረት በዝግታ እያዞረ ጫነበት። የቱቦው አፍ እንደ ጡሩምባ ተከፈተ። ቀጥሎ ያንኑ አፍ ወደ ውስጥ አጠፈው፤ እንዲህ የታጠፈ አፍ ዘይት አያሳልፍም። አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። አፉ ያማረ ነበር። ዳዶውን ግን አስቀድሞ አላስገባበትም፤ አፉ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ዳዶ አያሳልፍም።

«አረጀህ» አለ መንበሩ፣ ግንቡን ተደግፎ።

እንድሪስ ያማረውን አፍ ቆርጦ ጣለው። ዳዶውን አስገባ፣ እንደገና አሠረ፣ እንደገና ጫነ።

ሲሠራ አንድ ነገር ያስብ ነበር። ሰውን አምስት ቀን የሚያቆም ኃይል ለአንድ ጎማ ይበዛል። መተንፈሻ ካጣ የት ይገባል? ስለዚህ አንዷን ዳዶ ግማሽ ዙር ላላ አድርጎ፣ ወደ መሬት አዙሮ ሊተዋት ወሰነ። መሬት መቼም ቆማለች፤ ቢያቆማት አትጎዳም። ስለ መንበሩ ብሎ አይደለም። ከእጁ የወጣ ሥራ ሰው እንዲጎዳ አይፈልግም ነበር።

ቱቦውን ቦታው ላይ አስገብቶ አሠረ፤ አንዷን ዳዶ ግማሽ ዙር አስቀራት። አሁን አየሩንና አሮጌውን ዘይት ማስወጣት ቀረ። ይህ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ አንዱ ከታች ብሎኗን ይከፍታል።

«ግባና ተቀመጥ» አለ እንድሪስ። «እርገጥ ስልህ ትረግጣለህ፣ ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ። ከዚያ ውጭ እግርህን አታንቀሳቅስ።»

«አንተ ነህ የምታዘኝ?»

«ፍሬኑ ነው የሚያዝህ።»

መንበሩ ገባ። እንድሪስ ስር ገብቶ ብሎኗን ከፈተ። ጥቁር ዘይት በላስቲኳ ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ወረደ፤ በውስጡ ያሉት አረፋዎች ሳይንቀሳቀሱ ተደርድረው ቆሙ። ፔዳሉ ከወለሉ ተላቆ ብድግ አለ።

ከመንገዱ ማዶ የጦይባ ድምፅ መጣ። «ዓይንህ አያይም?»

ያነሳችው እግር ቦዩን ተሻገረ። በሩ ላይ ደርሳ ደብዳቤውን ተመለከተች፤ ፀሐዩንም ተመለከተች። «እንድሪስ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማነው እጄ ላይ ያስቀመጠው?»

እንድሪስ ከመኪናው ስር ሆኖ የእህቱን ጫማ አየ። «እነግርሻለሁ» አለ። «ግቢና ተቀመጪ።»

ከዚያ እጁ ብሎኗ ላይ እንዳለ የመኪናው ጥላ በአንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ዘለለ።

ጀርባው ስር ያለው መሬት በዘይት ርሷል። ጦይባ አጠገቡ ተንበርክካ በሁለት እጇ ትከሻውን ይዛ ታለቅሳለች። ከላይ መንበሩ ይስቃል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ እንድሪስ።

«ዘጠኝ ሆኗል» አለች ጦይባ። «ፔዳሉን ረግጦብህ ከስድስት ጀምሮ እንደቆምክ ነህ። እግርህን አንሳ ብዬ ለመንኩት፣ በሩን ቆልፎ ሳቀብኝ።»

«ለሙከራ ነው» አለ መንበሩ በመስኮቱ። «ይሠራል።»

እንድሪስ ወደ ብሎኗ ተመለሰ። ዘይቱ ንጹሕ እስኪሆን «እርገጥ»፣ «ልቀቅ» እያለ አስጨረሰው፤ መንበሩም ስቆ ስለጠገበ ታዘዘ። ብሎኗን ዘጋ። ከዚያ ወደዚያች ዳዶ ዞረ። መፍቻውን አስገባባት። ሦስት ሰዓት ሙሉ እህቱ እዚያ ተንበርክካ ነበር።

ግማሽ ዙሯን ጨረሳት። ከዚያ ሰውነቱን አሳርፎ አንድ ጊዜ ደግሞ አጠበቃት።

ጎማውን መልሶ ክሪኩን አወረደ። መንበሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አንዲት ጠብታ ብታፈስ ተመልሼ እመጣብሃለሁ።»

እንድሪስ አፉን ከፈተ። «መተንፈሻ የለውም፣ አትርገጥ» የሚለው ምላሱ ላይ ነበር። ጦይባ አጠገቡ ቆማ እጇን ታሻሻለች።

«አንዲት ጠብታ አታፈስም» አለ። «ንዳ።»

መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። ከታች፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ፣ አንድ ጋሪ ሊሻገር ወጣ። የፒክአፑ የኋላ መብራቶች ቀሉ። መኪናው ቆመ፤ አልተንሸራተተም፣ አልጮኸም። ጋሪው ተሻገረ። መብራቶቹ ግን እንደቀሉ ቀሩ።

እንድሪስ ወርዶ አየው። መንበሩ መሪውን እንደያዘ፣ ጋሪውን ሊሳደብ አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ጥርሱ ላይ ብርሃን አለ። እንድሪስ የበሩን እጀታ ሊነካ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው፤ የጣቶቹ ጫፎች ቆመው ለጊዜው የእሱ አልነበሩም።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናብ መጣ። በሌላው ቦታ ሁሉ ወረደ። በመኪናው ዙሪያ ግን፣ ክንድ ያህል ርቀት ላይ፣ ጠብታዎቹ አየር ላይ ቆሙ፤ እያንዳንዷ ውስጥ ቀይ መብራት ይታይ ነበር። ሰዎች ዣንጥላ ይዘው ቆመው አዩ፣ ከዚያ በሌላ መንገድ ዞረው ሄዱ።

በማግስቱ የቆመው ዝናብ ከመኪናው ሁለት ክንድ ርቆ ነበር። ዓርብ ዕለት መቆሙ መንገዱ ዳር ያለው የመብራት ምሰሶ ጋ ደረሰ። ሽቦው ላይ አርፋ የነበረች ርግብ ልትነሳ ክንፏን ዘርግታለች፤ እግሮቿ ሽቦውን ለቀዋል፣ ከበታቿም ዝናቡ ቆሟል።