የመዳም ኦርታንስ ሰገነት

ከምኖርበት ከቲየስ ወደ ተወለድኩበት ወደ ንዳር ደሴት የምወርደው ለአጎቴ ልጅ ጨቅላ ስም ሲወጣለት ለመገኘት ነው ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት። ተገኝቻለሁም። ግን የመጣሁት ለዚያ አልነበረም። የመዳም ኦርታንስ ቤት ታድሶ ለጎብኚ ተከፈተ ሲሉ ሰምቼ፣ ሰገነቱ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ ወንዙን ልይ ብዬ ነው።

እናቴ ኩምባ በዚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ አጥባለች፤ ተኩሳለች። እኔም ግቢው ውስጥ ነው ያደግኩት። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ቀን ወደ ፎቅ የሚያወጣውን ደረጃ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ መዳም ጆሮዬን ይዛ አወረደችኝ። «ያንተ ቦታ ታች ነው። መግቢያህም የጓሮ በር ነው» አለችኝ። እናቴ አይታለች። ካውያዋን አላቆመችም። ሁለቱም ከሞቱ ቆዩ፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን ይግላል።

የስም ማውጫውን ምሳ እንደበላሁ ወጣሁ። በወንዙ ዳር ስሄድ ነፋሱ ሸሚዜን ይጎትታል። ቤቱ ጋ ደረስኩና አለፍኩት። ተመልሼ እንደገና አለፍኩት። ግድግዳው ቢጫ ተቀብቷል። ፈረንጅ የጫነ ባለጋሪ አየኝና «አጎቴ፣ መንገድ ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝ። እዚያው ሰፈር የተወለድኩትን ሰውዬ። ወደ ቲየስ የሚመልሰኝ መኪና የሚነሳው አስር ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ተኩል። በሦስተኛው ጊዜ አንኳኳሁ።

በትልቁ በር ብቅ ያለችው ጠና ያለች ወፍራም ሴት ናት፤ የጎብኚ መዝገብ በብብቷ ይዛለች።

«ቤቱን ለማየት ነበር፣ አክስቴ።»

«ስምህን ማን ልበል?»

«ማሳምባ ንዲያዬ።»

ፊቷ በራ። «ንዲያዬ? እኔ እኮ አራም ዲዮፕ ነኝ።»

ንዲያዬና ዲዮፕ የዘር ስም ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታቸው በቀልድ መሰዳደብ ነው። እሷ ሎሌዬ ትለኛለች፣ እኔም ሎሌዬ እላታለሁ። የተሰደበ አያፍርም፤ የተቆጣ ነው የሚያፍረው። ይህን በየእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን ነው የምናውቀው።

«ጉድ በሉ» አለች፣ ግቢውን ወደሚጠርጉት ሁለት ሴቶች ዞራ፣ «ሎሌዬ ዛሬ በፊት ለፊት መጥቶላችኋል። ንዲያዬ፣ መግቢያህ የጓሮ በር ነው። የምሳ ሩዝ ሲሸትህ ጊዜ በሩን ተሳሳትክ አይደል?»

ሴቶቹ ሳቁ።

እኔም መሳቅ ነበረብኝ።

«አንቺ ማነሽና ነው?» አልኳት። «የሰው ቤት ዘበኛ አይደለሽ? እናቴ እዚህ ቤት ጣቷ እስኪላጥ አጥባለች። በየት በር እንደምገባ አንቺ አትነግሪኝም።»

መጥረጊያዎቹ ቆሙ። አክስቴ ያልኳትን ሴት አንቺ ማለቴ ለራሴም ተሰማኝ። ሳቋ ፊቷ ላይ ጥቂት ቆየና ወረደ። ያኔ ነው ያየሁት፤ እየሰደበችኝ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ እንዳልፍ ገለል ብላ ነበር። የፎቁንም ቁልፍ ከሌሎቹ ለይታ ይዛዋለች።

«ዲዮፕ ነኝ እኮ አልኩህ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ግባ። ደረጃው ያውልህ።»

ደረጃው ከቆምኩበት ይታያል። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ይቅርታ ማለት። በሕይወቴ ስንት ሰው ይቅርታ ሊለኝ ሲገባው ሳይለኝ ሞቷል። «ይቅር፣ አልገባም» ብያት ሄድኩ።

ከደሴቱ የሚያስወጣው ድልድይ አፍ ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። አራም ሰገነቱ ላይ ወጥታለች። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች፤ እኔን መፈለጓ ነው። መኪናው ሊነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበረኝ። ፈጠን ብዬ ተሻገርኩ።

በመኪናው ሉጋ ከተማን ስናልፍ ለስድቧ የሚሆነው መልስ መጣልኝ። «በጓሮ ልመጣ ነበር፣ ዲዮፕ፤ አያትሽ በሩን ሰርቆት ሄዶ አጣሁት።» ጥሩ መልስ ነው። ጠራጊዎቹን መጥረጊያቸውን ያስጥላቸው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ዲዮፕ ትሆን እንደሆነ ልጠይቃት ዞርኩ። ተኝታለች። እግሬን እየዘረጋሁ፣ እየሰበሰብኩ ቲየስ ገባሁ።