የመቆሚያ ትኬት

ሚስቴ ሄሱክ ሥራዋ የእስያን አገሮች ማወዳደር ነው። በዲጂታል ኢኮኖሚው ማን ቀደመ፣ ማን ተንቀራፈፈ? ሲንጋፖር ከቀደመችን ምሳ አይበላላትም፤ ጃፓንን ከቀደምን ደግሞ ልጅ የዳረች ትመስላለች።

አምና ለቹሶክ፣ ለመከር በዓሉ፣ ሴኡል እኛ ጋ ሊመጡ አባቷ ከደቡብ ጠረፍ ከሞክፖ ደወሉ።

"ልጄ፣ የባቡር መቀመጫ ያዢልኝ። ይሄ ስልክ እሺ አይለኝም።"

"አባዬ፣ ሁለት ጊዜ ነካ ማድረግ እኮ ነው! እስያ በሙሉ በእኛ ይቀናል፣ እርስዎ ደግሞ…"

ይማሩ ብላ ነው እንጂ ክፋት የላትም። ግትርነት ግን አላት፣ ያውም ከሳቸው የወረሰችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሽማግሌው "ያዝኩ!" ብለው ደወሉ። ሄሱክ በደስታ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አወራች።

የደረቀ ዓሣ በጨርቅ ቋጥረው መጡ። በራችን ላይ ጫማቸውን ማውለቅ አቃታቸው። ጎንበስ ብዬ ሳወልቅላቸው እግራቸው አብጦ አየሁ።

"አባባ፣ መቀመጫ አልነበረዎትም እንዴ?"

"ቀስ በል፣ ትሰማሃለች። መቀመጫው በስልክ ሲያልቅ፣ ለእኛ ቢጤው ጣቢያው መስኮት ላይ የመቆሚያ ትኬት ይሸጣል። ሽማግሌው ሁሉ ሽንት ቤቱ ጋ ተደርድረን ቆመን፣ ስንሳሳቅ ነው የመጣነው።"

ሰምታ ነበር። "ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!" እያለች ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሳቸው ግን ስለ ዓሣው ብቻ አወሩ።

ዘንድሮ ሽያጩ ሲከፈት ቀድማ ጥሩ ወንበር ያዘችላቸው። በበዓሉ ዋዜማ አባቷ ደወሉ።

"ልጄ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣ ብሏል። ከእንግዲህ ሴኡልን የማያት አይመስለኝም። ከበዓሉ በኋላ እናንተ ኑ። ወንበሩን ግን ቆሞ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ።"

ትኬት ማስተላለፍ ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ ነካ ማድረግ። ተቀባዩም በስልኩ መቀበል አለበት። ሄሱክ ጣቷን እንደ ዘረጋች ቀረች። ስልኩ እሺ የሚለው ሁሉ መቀመጫ አለው። ብትሰርዘውም የሚወስደው ያው ባለ ስልክ ነው።

"አባዬ፣ ሳልሰርዘው ልተወው" አለች። "ባዶ ሲሆን ያየ ሽማግሌ ይቀመጥበታል።"

ሽማግሌው ሳቁ።

"ማን ይደፍራል ብለሽ ነው? አምናም አጠገባችን አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ባለቤቱ ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ሴኡል ደረስን።"