ሳጥኑን ያንኳኳው አናጢ

«የቤተ መዘክሩ ደረጃ ላይ ቆመን ‹ለምን አንኳኩ?› አላልከኝም?» አለ ጆሳያ ፔል፣ መጽሐፉን በተከራዩ በላቲመር ጠረጴዛ ላይ እየወረወረ። «ቃል በቃል አላስረዳሁህም?»

«አስረድተውኛል፣ ሚስተር ፔል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ‹አናጢው የሬሳ ሳጥኑን አንኳኩቶ፣ ሟቹ እስኪከፍትለት ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀ።› እኔ ነኝ የጠበቅሁት?»

ላቲመር ብዕሩን አስቀመጠ። ከኖርዊች ወደ ለንደን ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፔል ቤት ፎቅ ላይ ተከራይቶ ይኖራል፣ እራቱንም ከባልና ሚስቱ ጋር ይበላል። «ስምዎን አልጻፍኩም እኮ፤ ‹አንድ የሆልበርን አናጢ› ነው ያልኩት።»

«ሆልበርን ሰፈር ውስጥ ቤተ መዘክር የገባ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ስንት ያለ መሰለህ?» አለች የፔል ሚስት ዶርካስ፣ ከበሩ ላይ ሆና። «ዓሣ ሻጯ እንኳ ዛሬ ‹ሟቹ ከፈተለት ወይስ ውጭ አሳደረው?› ብላኛለች።»

በዚያ ዘመን ቤተ መዘክሩን ማየት የፈለገ ስሙንና ሙያውን አስመዝግቦ ሳምንታት ይጠብቅ ነበር። ፔል ሁለት ወር ጠብቆ ሁለት የመግቢያ ወረቀት አገኘ፣ ለራሱና ለዶርካስ። ላቲመር የጉዞ መጽሐፍ እየጻፈ ነበርና ቢለምናት ዶርካስ የራሷን ሰጠችው። የተማረ ሰው ይየው አለች።

አስጎብኚው አብረው የገቡትን አሥር ሰዎች ከክፍል ክፍል እያጣደፈ ሲነዳ፣ ፔል ከግብፅ የመጣ አንድ ጥንታዊ የሬሳ ሳጥን ፊት ቆመ። ሠላሳ ዓመት እንጨት የገዛው በጣቱ አንጓ መታ መታ እያደረገ ነው፤ ትል የቦረቦረው ድምፁ ይለያል። እጁ ልማዱን አደረገ። ሳንቃው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፣ ትናንት የተላገ ይመስል። ባርኔጣውን ያወለቀው ለሠሪው ክብር ነበር። ሲወጡ ይህንኑ ሲነግረው ላቲመር ክንዱን ጨብጦ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ሰው ይሳቅ ግድ የለኝም» አለ ፔል አሁን። «ግን ሙያዬን ነው የነካኸው። እንጨት የማውቅበትን እጅ የጅል እጅ አደረግኸው።»

«ሚስተር ፔል፣ ተራ ሰው ቤተ መዘክር ሲገባ አንባቢ የሚጠብቀው አፉን ከፍቶ ሲያይ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት ሁሉ እንዲያ ነው የጻፉት። ስለ ሳንቃ ድምፅ ብጽፍ ማን ያነበኛል?»

«ውሸት ነዋ።»

የላቲመር ፊት ቀላ። መጽሐፉ እንደገና እየታተመ መሆኑንና ያንን ገጽ እንደሚያስተካክለው ተናገረ። «ሐሙስ መጽሐፍ ሻጩ ቤት አዲሱን ለተሰበሰበ ሰው አነባለሁ። መጥተው በጆሮዎ ይስሙት።»

ሐሙስ ዶርካስ የእሑድ ኮቱን ቦረሸችለት። ፔል ሄዶ የኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ክፍሉ ሞልቷል። ላቲመር አየውና በጭንቅላቱ ሰላም አለው፣ ከዚያም ማንበብ ጀመረ።

አንኳኳ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጠበቀ። አንድም ቃል አልተነካም።

ፔል ማስተካከያው ከኋላ ይመጣ ይሆናል ብሎ አንገቱን አስግጎ መስማቱን ቀጠለ።

«‹መጽሐፌ በወጣ ማግስት›» ሲል ቀጠለ ላቲመር፣ «‹አናጢው መጽሐፌን ይዞ ክፍሌ ድረስ ወጣ፤ ሟቹን ወክሎም እርማት ጠየቀ።›» ድምፁን አጎርንኖ፣ በሆልበርን አነጋገር «‹እንጨት የማውቅበትን እጅ!›» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከፊት የተቀመጠች እመቤት ዓይኗን እየጠረገች «ይሄ ሰው እውነት አለ?» ስትል ጠየቀች።

«ለንደን በእሱ ዓይነት የተሞላች ናት፣ እመቤቴ» አለ ላቲመር፣ ወደ ኋላ ሳያይ።

ፔል ሊወጣ ተነሣ። አጠገቡ ያለው ሰው ዓይኑን ከአንባቢው ሳይነቅል እንዲያልፍ ጉልበቱን ሰብሰብ አደረገለት። ላቲመር ቀጣዩን ገጽ ገለጠ።