የ«ሩጫ» አራት ደቂቃ

ልጅቷ ከቆመች አንድ ሰዓት ከሩብ አለፋት። አያቷ የጓዳውን በር ተደግፋ ዐይኗን ከልጅ ልጇ ቁርጭምጭሚት ላይ መንቀል አቅቷታል። ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ስትነዳ የዋለች ልጅ ናት። ፍሬን ሲረግጥ የዋለው እግሯ አብጦ ከጫማው አፍ ገንፍሏል።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ ብዬሻለሁ! ኋላ ደም ቢረጋብሽ ማን ሊያስታምምሽ ነው? እኔ እንደሆንኩ የራሴን ጉልበት አልቻልኩም።»

«እማ፣ ከተቀመጥኩ አለቀ አልኩሽ እኮ።»

እውነቷን ነው። የማኅበሩ ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንድን አልበም የሚከላከል ሰው ቆሞ ይከላከላል፤ ቆሞ እስካለ ድምፅ አይሰጥበትም፤ የተቀመጠ ዕለት ተረታ። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ አያትየዋ ብታውቅ ኖሮ ሄዳ ጆሮውን በቆነጠጠችው ነበር።

ማኅበሩ የ«ሽቦዎቹ» ወዳጆች ማኅበር ነው። ሽቦዎቹ ዘፋኝ የሌላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ብቻ አርባ ዓመት ሙሉ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲሠሩ ሰባት አልበም አውጥተዋል። ወዳጆቻቸው ድሮ ይህን ሳሎን ሞልተው ደጅ ይቆሙ ነበር። ዛሬ የቀሩት አራት ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ሰዓት ሠሪ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አራተኛዋ ይህቺ እግሯ ያበጠ ሹፌር።

ሰሞኑን ከሽቦዎቹ ደብዳቤ መጥቷል። አልበሞቻቸውን በሸክላ አሳትመው በአንድ ሣጥን ሊያወጡ ነው። ሣጥኑ ግን የሚይዘው ስድስት ብቻ ነው። የትኛው ይቅር? እናንተ ፍረዱ፤ የእኛን ዋና ካሴቶች ጎርፍ ስለበላብን ከእናንተ ዘንድ ያለውን ጥሩ ቅጂም ላኩልን ይላል። መልሱ ሰኞ መሄድ አለበት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በኋላ።

«በመልካሙ ላይ አልተስማማንም፣ ይሁን» አለ ሰዓት ሠሪው። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ሲናገር ጠረጴዛውን በጣቱ የሚመታ ሰውዬ ነው። «በከፋው ላይ ግን ከአንቺ በቀር ሁላችንም አንድ ነን።»

«መጀመሪያ በመልካሙ እንስማማ እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ከ‹ሶኬት› የሚበልጥ አለ የሚለኝ ሰው ከነገ ጀምሮ ጢሙን ራሱ ይላጭ።»

«‹ሶኬት›ን ስሰማ የራሴን መሰርሰሪያ የምሰማ ነው የሚመስለኝ» አለች የጥርስ ሐኪሟ። «ስምንት ሰዓት ሙሉ የሰማሁትን ድምፅ ቤቴም ይዤ ልግባ? እኔ ‹የብረት ዝናብ› ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

«አንቺ ሰው ካላደነዘዝሽ ደስ አይልሽም፣ ለዚያ ነው።»

«‹ሩጫ›!» ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛውን መታ። «ወደ ነገራችን። ስሙን ‹ሩጫ› ብሎ የሚያስዛጋ አልበም የሠራ ቡድን ዐይቼ አላውቅም።»

«እኔ አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ከፈትኩት፤ ደንበኛዬ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ጆሮውን ልሸርፈው ነበር» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሹፌሯ ክብደቷን ከግራ እግሯ ወደ ቀኝ አዛወረች። «እኔ ደግሞ ሰባ ሰው ጭኜ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ከኋላ ጡሩንባ፣ ከጎን ስድብ ሲበዛብኝ እግሬን ነዳጁ ላይ ቀስ የሚያሰኘኝ እሱ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ስነዳ የሰው ጥፍር አልነካሁም። ሳትሰሙት ነው የምትጠሉት።»

«አልሰማሁትም? ለክቼዋለሁ!» ሰዓት ሠሪው የካሴቱን ሽፋን አነሣ። «እዚህ ላይ አርባ አንድ ደቂቃ ብለው አሳትመዋል። እኔ በሰዓት ለካሁት፣ አርባ አምስት ነው። ሙዚቃቸውን መቁጠር እንኳ ያቃታቸው ዘመን ነበር! ደግሞ የእኔ ቃል አይበቃሽም እንበል። የአያትሽስ?» ጣቱን ወደ ግድግዳው ፎቶ ሰደደ።

ሁሉም ቀና ብለው አዩት። ፎቶው የአያትየዋ ሟች ባል ነው። ይህ ሳሎን ያኔ ካሴት ማባዣ ቤት ነበር። የሽቦዎቹ ካሴት ሁሉ በአንድ አጫዋችና በዐሥር ቀጂ ማሽን የተባዛው ከዚህ ነው። ጆሮው እንደ ሚዛን የማይስት ስለነበር ስሙ ተረስቶ ሚዛኑ ነበር የሚባለው። ዛሬም ክርክር ሲጠነክር «ሚዛኑ ምን ብሎ ነበር?» ተብሎ ይቆማል።

«ሚዛኑ ስለ ሌሎቹ ስድስት ሲጠየቁ ይናገሩ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ። «ስለ ‹ሩጫ› ሲጠየቁ ግን እጃቸውን አንሥተው ‹እሱን ተዉት› ነው የሚሉት። አንድም ቃል ሳይጨምሩ። ከዚህ የከፋ ፍርድ አለ?»

አያትየዋ ይህን ወግ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች። የደቂቃውን ነገር ግን የሰማችው ዛሬ ነው። አርባ አንድ። አርባ አምስት። 

እሷ በሕይወቷ ያልፈራችው ነገር የለም። መብረቅ፣ ሙቅ ውሃ፣ የአውቶቡስ ጎማ፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣ መድኃኒት፣ ሁሉንም በየተራ ፈርታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠውን ይህን አንዱን ግን ሳታየው ኖረች።

ያኔ ባሏ ለዐይኑ ቀዶ ጥገና ዐሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። «ሩጫ» በዚያው ሳምንት መውጣት ነበረበት። ልጇ ሥራ ፍለጋ ርቃ ሄዳ፣ የስምንት ወር ሕፃን ትታላት፣ ሕፃኗን ደግሞ ትኩሳት አንገብግቧት። አልጋዋ በዚያ ጥግ፣ ማሽኖቹ በዚህ። ማባዛቱን እሷ ያዘችው፤ ምን ታድርግ። የከበሮው ማሽን ጠቅ ጠቅ ጠቅ ባለ ቁጥር ሕፃኗ ትባንናለች፣ ታለቅሳለች። ድምፁን ብትቀንስ እንኳ ጥድፊያው አላስተኛ አላት። በአጫዋቹ ጀርባ አንዲት ትንሽ ማዞሪያ ነበረች። ነካ አደረገቻት፤ ሙዚቃው ረገብ፣ ወፈር፣ እንደ እሹሩሩ አለ። ልጅቷ ተኛች። አያትየዋም ተመስገን ብላ ሦስት መቶ ካሴት በዚያው አባዝታ ሰደደች። የዘገየው ለሕፃኗ ብቻ መሰላት፤ ወደ ካሴቱም ይገባል ብላ አላሰበችም።

ባሏ ሲመለስ አጫዋቹን ከፈተ፣ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ እጁን ወደ ማሽኑ ጀርባ ሰደደ።

«ይህን ማን ነካው?»

«ልጅቷ ትኩሳት ነበራት» አለችው።

«እ» አለ፣ ማዞሪያዋን መለሰ፣ ስንት ካሴት እንደወጣ ጠየቀ፣ ወደ ደጅ ወጣ። ሌላ ቃል የለም። እስኪሞት የለም።

«ለኔ ብሎ ነው፤ አውቆ ነው» አለ ልቧ። ደግሞ ወዲያው ሌላ ድምፅ መጣባት፦ ምን አገባሽ? አሁን አፍሽን ብትከፍቺ ሚዛኑ ቀጣፊ ይባላል። ፎቶው ከግድግዳ ይወርዳል። ሙት አይከራከር። ዝም ካልሽ ማን ያውቃል? ልጅቷ ትንሽ ታለቅሳለች፣ ትቀመጣለች፣ እግሯም ያርፋል።

ልጅቷን አየቻት። ሹፌሯ አሁን በአንድ እጇ የወንበር ጀርባ ይዛለች፤ ከንፈሯ ገርጥቷል። «ብቻዬን ብሆንም አልቀመጥም» ትላለች። «እስከ ሰኞም ቢሆን እቆማለሁ። የዚህን አልበም ሙዚቃ የሠራው ሰውዬ፣ ሕዝቡ ከናቀበት ወዲህ አንድ ዜማ አልጨመረም አሉ። ከሣጥኑም እናስወጣው? እኛ? ወዳጆቹ?»

ያኔ አያትየዋ ቆረጠች። ወደ መኝታ ቤት ገባች፣ ባሏ የሚባዙትን ዋና ካሴቶች ያኖርበት የነበረውን ቁም ሣጥን ከፈተች።  ተመልሳ በመጣች ጊዜ በእጇ አንድ ካሴት ይዛ ነበር።

«ይህን ክፈቱ።»

«እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አለ ሰዓት ሠሪው በትሕትና።

«ስብሰባችሁ የሚሰበሰበው በኔ ሳሎን ነው፣ ልጄ። ክፈተው። ይህ ሽቦዎቹ ለባሌ በእጃቸው የሰጡት ነው፤ ከዚህ ነው ሁሉም የተባዛው። ሰዓትህንም አውጣ።»

ካሴቱ ዞረ። የመጀመሪያው ምት ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ማጫወቻው ጎንበስ አለ፤ ተበላሸ ብሎ። አልተበላሸም። ከበሮው ቀሏል፣ ይሮጣል፤ ከላይ ያለው ዜማ ከምንጭ እንደሚወርድ ውሃ ይንኳለላል። የጥርስ ሐኪሟ እግር ሳታውቀው ወለሉን ይመታ ጀመር።  ልጅቷ እንደቆመች ሰማች፣ አንዱንም ሌላውንም ገጽ። ሲያልቅ ሰዓት ሠሪው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«አርባ አንድ ደቂቃ» አለ።  «እኛ የሰማነው ታዲያ ምንድን ነው?»

«የኔን ጥፋት» አለች አያትየዋ፤ ከትኩሳቱ እስከ ማዞሪያዋ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ለውሃ እንኳ አላቆመችም።

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አወለቀ። «ሚዛኑስ? አላወቁም ነበር?»

ይህን ነበር የፈራችው። አላወቀም ብትል ጆሮው ይረክሳል፤ አውቋል ብትል እውነተኛነቱ። የቱም አይሻልም። «አውቋል» አለች። «በአንድ ጊዜ ነው ያወቀው። ካሴቱ ወጥቶ አልቆ ነበር፤ ቢናገር እኔ ነኝ የምዋረደው። ስለዚህ ዝም አለ። ‹እሱን ተዉት› ያላችሁ ‹ሚስቴን ተዉልኝ› ሲል ነው። ስለ አልበሙ አንድም ቀን አልፈረደም። እናንተ ናችሁ ዝምታውን ፍርድ ያደረጋችሁት።»

 አያትየዋ ፈርታ ያላየችው አንድ ፊት ነበር፣ አየችው። ልጅቷ ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይህን ሙዚቃ አላውቀውም» አለች ሹፌሯ። «እኔ የምወደው ሌላ ነው።»

«ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ። የምትወጂውንም እኔ...»

«እማ፣ እኔን ለማስተኛት ነው?» ልጅቷ በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች። «ከተማው በሙሉ ሠላሳ ዓመት ሲያዛጋ የኖረው በኔ ትኩሳት ነው?»

«የኔም ደንበኛ ጆሮ ለጥቂት ነው የተረፈው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሳቅ ፈነዳ።

«ስሙኝ» አለች ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች። «የዘገየው ስልኬ ላይ አለ፤ እሱን ማንም አይወስድብኝም። ወደ ሣጥኑ የሚገባው ግን የእነሱ ነው፣ እንደሠሩት። አሁንም ለ‹ሩጫ› ቆሜያለሁ። የሚቃወም?»

የጥርስ ሐኪሟ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተወችው። ሰዓት ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ለክቼ የፈረድኩት በተሳሳተ ካሴት ነው። ይግባ።»

«ታዲያ የትኛው ይውጣ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«አይሆንም! ‹ሶኬት›ን? እናንተ ሰዎች አእምሯችሁ ነው የደነዘዘው!» ብድግ አለ፣ ቆመ፤ መከላከል ሊጀምር። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው። አያቷ ሮጣ ሌላ ወንበር ከእግሯ ሥር አስገባችላት።

ለ«ሶኬት» ሃያ ደቂቃ ያህል ተሟግቶላት ደክሞት ተቀመጠ፤ ሦስት እጅ ለአንድ ወጣች። ሰዓት ሠሪው ብዕሩን አነሣ፣ ለሽቦዎቹ የሚሄደውን ደብዳቤ ጀመረ። ሁለት መስመር ጽፎ አቆመ።

«እማማ፣ ‹የዘገየው ቅጂው ከማርጀቱ የተነሣ ነው› ብንል ምን ይመስልዎታል? ካሴት ያረጃል። የርስዎም ስም አይነሣ፣ የሚዛኑም።»

መልካም ልብ ነው። ይህንኑ ነበር ስትጸልይ የነበረችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሠላሳ ዓመት ግን ብዙ ማደር ነው፤ ያ ዜማውን የሠራው ሰውዬ በዚያ ሁሉ ዓመት ጥፋቱ የራሱ መስሎት ኖሯል።

«ካሴት አላረጀም» አለች። «እኔ ነኝ ያረጀሁት። ጻፍ።»

«እማማ...»

«ጻፍ አልኩህ! ‹ያባዛሁት እኔ ነኝ። ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ። ባለቤቴ ያወቀው ካሴቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ የሸፈነውም እኔን ነው። የእርስዎ ሙዚቃ ያን ጊዜም ይሮጥ ነበር።› በደንብ ጻፍ፤ ፊደልህን አታድበስብስ። ከታች ስሜን አድርግ።»

ጻፈ። እሷም ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም።

«አሁን አንብብልኝ» አለች። «ከመጀመሪያው።»