የናስር ዋስ

…ወይስ ጅማ ይሻለዋል፣ ጅማ ቡና አለ፣ ጥላ አለ፣ አሠሪው ጣሊያን፣ ካቦው ራሱ ነው ያለው፣ ድንጋይ ጠራቢ ለሆነ ሰው ጅማ የመኖሪያ ፈቃድ ወዲያው ይሰጣሉ፣ ድሬዳዋም ይሰጣሉ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዲያውም የየመንን ያስረሳል፣ የአገርህን ላብ እያላበህ ትኖራለህ፣ እዚህ አዲስ አበባ ግን ውሉ ያለቀ የውጭ ሠራተኛ እዚሁ ልኑር ካለ የሰፈር ሰው ዋስ ይጥራ፣ ዋስ ከሌለው በመጀመሪያው ካሚዮን ወደ ወደቡ፣ ወደ መጣበት። ዛሬ እስከ ምሳ ወስን ተብሏል። ናስር መዶሻውን ያነሣል፣ ያወርዳል፣ ድንጋዩ እሺ ብሎ ይሰነጠቅለታል፣ አይ የዚህ አገር ድንጋይ፣ ደግ ነው እኮ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ጣሊያንም የመጣው ትናንት ነው፣ እሱን ማን ፈቀደለት? ዝም በል ናስር፣ ምላስህን ሰብስብ። የሹማምንታቸውን ቤት ትሠራለህ፣ ካዛንቺስ ይለዋል የሰፈሩ ሰው አፉ እንዳመጣለት፣ ግድግዳው የአንተ እጅ ነው፣ አንተ ግን ዋስ ጥራ።

ዋስ። ነበረው። ሙክታር፣ ቄራ ሥጋ የሚሸጠው፣ የጀሚላ ወንድም፣ በመጀመሪያው ክረምት ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው ጋቢውን ገፎ ያለበሰው፣ ነበረው ነው እንግዲህ፣ ትናንት የሙክታር እናት እማማ ቡዜ ተቀበሩ፣ ናስር ከቀብሩ ቀረ። ካቦው አልለቅም አለ፣ ጥለህ ከሄድክ ውልህ ዛሬውኑ አለቀ አለ፣ ምክንያት ነው? ሬሳ ምክንያት ይሰማል? በታመመ ጊዜ አጥሚት የላኩለት እማማ ቡዜ አፈር ሲለብሱ እሱ ድንጋይ ይጠርባል። ጠዋት በሙክታር በር ላለማለፍ በቂርቆስ በኩል ዞሮ መጣ፣ እንደ ሌባ። ጀሚላንስ በምን ዓይኑ ያያታል፣ ያቺ ሳቂታ፣ ባለፈው ጅማ ሩቅ ነው እንዴ አለችው፣ እንዲያው ዝም ብላ ነው? ሰው ዝም ብሎ የጅማን ርቀት ይጠይቃል? አሁን ምን ያደርጋል፣ በቃ፣ ጅማ።

አንተ ናስር!

ቀና ይላል። ሙክታር ነው፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ትናንት የት ነበርክ? ካቦው እኮ… ካቦውን አልጠየቅሁህም፣ የት ነበርክ ነው ያልኩህ፣ ጀናዛው ሲነሣ አንተ በምትሸከምበት በኩል ቁመቱ የሚገጥም ሰው አጥተን አዘንብሎ ሄደ፣ የእናቴ ጀናዛ፣ ሰው ሁሉ ናስርስ፣ ናስርስ ይለኛል፣ ምን ልበላቸው? ጀሚላማ ስሙን አታንሡብኝ ብላለች፣ በጣም ነው የተቀየምንህ።

ይቅርታ ሊል አፉን ይከፍታል፣ ግን ቆይ፣ ቆይ፣ ግሪኩ ዳቦ ጋጋሪም እኮ ቀርቷል፣ ከሙክታር ቤት ፊት ለፊት ነው የሚኖረው፣ ስንት ዘመኑ፣ እሱን ማን ጠየቀው፣ ማን ተቀየመው? ማንም። ከእሱ ማንም ምንም አልጠበቀም። እኔን ግን ፈልገውኛል፣ ትከሻዬን ፈልገውታል። ደስ ይለዋል፣ አሳፍሮት ደስ ይለዋል፣ ፊቱ እንዳያሳብቅበት አንገቱን ይደፋል፣ እናቱን ቀብሮ የሚቆጣ ሰው ፊት ይሳቃል?

ካቦው ይመጣል። እህ፣ ጅማ ነው ድሬዳዋ? ይለዋል ናስርን። ሙክታር አንዴ ካቦውን አንዴ እሱን ያያል፣ ጅማ ምን ሊያደርግ? ዋስ የለማ፣ ይላል ካቦው በተሰባበረ አማርኛው። እንዴት የለም፣ እኔ ዋሱ እያለሁ? ይልና ሙክታር ወደ ናስር ይዞራል፣ ታርቄህ እንዳይመስልህ ግን፣ ከሥራ ስትወጣ ለቅሶ ቤት ትመጣለህ፣ አክስቶቼ እየጠበቁህ ነው፣ ወዮልህ።

ይመጣል፣ እንዴት አይመጣም፣ አክስቶቹ ይቆጡታል፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጡታል፣ ጀሚላ ከሁሉም አብልጣ ትቆጣዋለች፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ደግመው ቢሉትም ይሰማል፣ መዶሻውን ያነሣል፣ ድንጋዩ እሺ ይለዋል፣ ጅማ፣ ወይ ጅማ፣ እዚያ ማን ይቆጣው ነበር።