ሁለት ማርያም በአንድ ሰኔ

አልጣሽ ለሽልማት የበቃችው ቀን ተሳስታ ነው።

አምና ሰኔ ልጇ ያምሮት ከቡሬ ስልክ ገዝታ ላከችላት። አልጣሽ ትምህርቱን ከሁለተኛ ክፍል ጥላው ብትወጣም ቁጥር ታነባለች። አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ብታየው 21 ይላል። ሃያ አንድ ማርያም ናት፤ በማርያም ደግሞ አልጣሽ እንኳን አፈር፣ መጥረጊያም አትነካ። ነጠላዋን አጣፍታ ደጇ ላይ ቁጭ አለች።

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለነበር አገሩ ሁሉ የበርበሬ ችግኝ ሊተክል ወጥቷል። ከአጥሯ ማዶ ወንዳወቅ ገመዱን ወጥሮ፣ መስመሩን ቀጥ አድርጎ ይተክላል። ሦስት ዓመት ሙሉ የቀበሌው አንደኛ ገበሬ እሱ ነው።

"አልጣሽ! ምነው፣ አመመሽ?" አለ ቀና ብሎ።

"ዛሬ ማርያም ናት እኮ፣ አያ ወንዳወቅ! አንቱ ደግሞ ምን ነካዎ?"

"የምን ማርያም? ዛሬ አሥራ አራት ነው፤ ማርያም የዛሬ ሳምንት።"

"ስልኬ ሃያ አንድ ይላል።"

"ስልክሽ ክርስትና ተነሥቷል?"

"ከቡሬ የመጣ ስልክ ነው! ከአንቱ ሳይሻል አይቀርም።"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ተጠራጥሯል። ደወል አልሰማችም፤ ቄሱ ራሳቸው ማሳ ላይ ናቸው። ቤት ገብታ ለያምሮት ደወለች። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች፤ "እማ፣ እሱ እኮ የፈረንጅ ቀን ነው!"

ያኔ ተነሥቶ መትከል ነበር። ግን ወንዳወቅ እያየ? ሞቷን ትመርጣለች። "ነገ እተክላለሁ" ብላ የችግኝ መደቧን በሣር ዳሱ እንደተከደነ ተወችው።

አሥር ሰዓት ላይ በረዶ ወረደ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሲያባራ ከወንዳወቅ ማሳ ላይ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር፤ የሌላውም ችግኝ ከጭቃ ጋር ተለውሷል። የአልጣሽ ግን በዳሱ ሥር ቅጠሉ እንኳ አልተነካም። በማግስቱ ተከለች። ሳምንቱ ደርሶ እውነተኛዋ ማርያም ስትመጣም ድምጿን አጥፍታ እንደገና አከበረች።

መኸር ሲደርስ በርበሬ ያላት እሷ ብቻ ሆነች፤ ገበያው ተሻማባት። "ማን ነግሯት ነው?" ይላል ሰው። እሷ ፈገግ ትላለች እንጂ አትመልስም። ወንዳወቅም አንድ ቃል አልተነፈሰ፤ በሰው እድል የቀና እንዳይመስል ነው።

እንድሪያስ የሚባለው ወጣት የግብርና ባለሙያ ግን ደብተሩን ይዞ መጣ።

"ወይዘሮ አልጣሽ፣ ያን ቀን ለምን አልተከሉም?"

"ስልኬን አይቼ ነዋ!"

ውሸት አልተናገረችም። እንድሪያስ ግን ጽፎ ጽፎ፣ "በሞባይል የአየር ጠባይ የሚከታተሉ ሞዴል አርሶ አደር" አደረጋት። በግንቦት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዳ ልምዷን እንድታካፍልና የውሃ ፓምፕ እንድትሸለም ተጠራች።

እንደ ፓምፑ የተመኘችው ነገር የለም። ከማሳዋ በታች ወንዝ እያለ፣ በጋ በጋ ለሽንኩርቷ ውኃ በጀሪካን ስታመላልስ ወገቧ አልቋል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፓምፑ መድረኩ ላይ፣ ወንዳወቅ ደግሞ በአምናዎቹ ተሸላሚዎች መካከል፣ ከኋላ። አልጣሽ ዓይኗን ከፓምፑ እንዳልነቀለች አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ጎሸም አደረገቻት። አምለሰት ትባላለች፤ ከሽንዲ ነው የመጣችው።

"እታለም፣ ባለ ስልኳ አንቺ ነሽ አሉ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔም ጊደሬን ሸጬ ልገዛ ነው።"

"ምንሽን?"

"ጊደሬን። ያለችኝ እሷው ናት። አምና በረዶ ጨረሰኝ። ዘንድሮ ስልኩ ትከይ እስኪለኝ አልተክልም፤ ምን ቸገረኝ?"

ያላየቻት ጊደር በአልጣሽ ዓይን ላይ ድቅን አለች። ወዲያው ስሟ ተጠራ። መድረክ ላይ ስትወጣ ፓምፑ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ቅርብ ላይ ነው። ዝም ብላ "ስልኬን አይቼ ነው" ብትል ይዛው ትገባለች።

ፊቷን ከፓምፑ ወደ ሰዉ አዞረች።

"እኔ የአየር ጠባይ አላውቅም" አለች። "ስልኩ የፈረንጅ ቀን ይቆጥራል። ሃያ አንድ ሲለኝ ማርያም መሰለችኝ። መሳሳቴን ሳውቅም አያ ወንዳወቅ እንዳይስቁብኝ ብዬ በእልህ ተቀመጥሁ። በረዶው የመጣው በዚያችው ቀን ነው። ሌላ ቀን ቢመጣ ኖሮ እኔም ከሰው ጋር አለቅስ ነበር። የሽንዲዋ! ጊደርሽን እንዳትሸጪ! ብልሃት ከሆነ የምትሸልሙት፣ ያውላችሁ አያ ወንዳወቅ፤ በረዶ ቀደማቸው እንጂ እንደሳቸው የሚተክል የለም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እንድሪያስ ጫማውን ያያል። ሰብሳቢው ማይኩን ወሰደና፣ "ወይዘሮ አልጣሽ ከትሕትናቸው የተነሣ…" ሲል፣ አልጣሽ መልሳ ሳበችው።

"ትሕትና አይደለም! የሆነውን ነው የተናገርሁ።"

ሰብሳቢው ከጎኑ ካሉት ጋር ተንሾካሾከ። ወረቀቱ በስሟ ተጽፏል፣ ማኅተም አርፎበታል፤ እሱን ለመሰረዝ የደፈረ አልተገኘም። ፓምፑን ሰጧት።

ወደ ቡሬ የሚመለስ አይሱዙ ላይ ፓምፑን መካከላቸው አድርገው ተቀመጡ። ወንዳወቅ ፓምፑን መታ መታ አድርጎ፣

"አሥራ አራት ነው ብዬሽ ነበር" አለ።

"ብለውኛል።"

"ልክ ነበርሁ።"

"ልክ ነበሩ፤ ባዶ ማሳ ታቅፈው ልክ ነበሩ!"

ወንዳወቅ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "በይ እንግዲያ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ፓምፑን እዋሳለሁ።"

"ሐሙስንም ይጨምሩ። ነዳጁን ግን ራስዎ ነው የሚችሉ።"

"ዘንድሮስ መቼ ነው የምትተክይ?"

አልጣሽ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። "አንቱ የተከሉ ቀን። ያምሮት ወደ ሐበሻ ቀን አዙራልኛለች። እንግዲህ በረዶ ከመጣ አብረን ነው የምንመታ።"

ወንዳወቅ ስልኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና መለሰላት።

"እንደድሮው ብትተዪው ይሻል ነበር" አለ።